ከማደሪያ ወደ መኖሪያ

የልደት በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ ከሚተረኩት ነገሮች አንዱ በቤተ ልሔም የደረሰው የማደሪያ እጦት ነው። ለሕዝብ ቆጠራ ከገሊላ የመጡት እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላላገኙ ሕፃኑ በግርግም መተኛቱን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ይህንኑ ታሪክ ሲሰማ አምሽቶ ከሌሊቱ ቅዳሴ የሚመለሰው ምእመን ታዲያ በደጀ ሰላሙ ግራና ቀኝ፣ በአጥሩ ጥግ፣ በተዘጉ ሱቆች በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈውና ማዳበሪያ ለብሰው የተኮራመቱትን ወገኖቹን እያለፈ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ያለችውን ሳንቲም ይጥላል፤ ሲነጋም ከድፎው ቆርሶ፣ ከወጡ ጨልፎ የሚልክ አይጠፋም። ይህ የቆየ፣ መልካምና ሊቀጥል የሚገባው ልማድ ነው። ነገር ግን በበዓሉ ማግሥት ሰውየው ያው በረንዳው ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም፣ በሕይወት ከቆየ፣ እዚያው ነው።

ለመሆኑ አንድን ሰው ከበረንዳ አንሥቶ ለዘለቄታው ቤት ማስገባት ይቻላል? በተለይም የአእምሮ ሕመም ወይም የመጠጥ ሱስ የጸናበትን፣ «ይህስ ከእንግዲህ አይሆንለትም» ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበትን ሰው? ጥያቄው የየዋህ ይመስላል። ሆኖም ከሠላሳ ዓመታት በላይ በተግባር የተፈተነና በቁጥርም የተመዘነ መልስ አለው። መልሱ በይበልጥ ተሠርቶ የታየው በኒውዮርክና በሄልሲንኪ ስለሆነ፣ የዛሬው ጽሑፋችን አስቀድሞ ወደዚያው ይወስደንና በኋላ ወደ አገራችን ይመልሰናል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

በቅድሚያ ግን ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት እንበል። አማርኛችን «ማደሪያ»ንና «መኖሪያ»ን ለይቶ ያውቃል። ማደሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፉበት ነው፤ ሲነጋ ለቅቀው ይሄዳሉ። መኖሪያ ግን ሲወጡ ዕቃ የሚተዉበት፣ ሲመለሱ በገዛ ቁልፋቸው የሚከፍቱት ነው። መንገደኛው «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ሲል ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ የሚያስገባው ለማደሪያ ነው፤ እንግዳው ነገ መንገዱን እንደሚቀጥል ሁለቱም ያውቃሉ። አዲስ ቤት ለገባ ሰው ግን «ቤት ለእምቦሳ» ይባልለታል፤ እርሱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የመኖሪያ ቋንቋ ነው፤ በዚህ ቤት ከብት ይወለዳል፣ ዓመት ይዞራል የሚል ተስፋ አለበት። ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎች ቀድሞ ይጠሩበት የነበረው «በረንዳ አዳሪ» የሚለው ስምም፣ ለጆሮ ባያምርም፣ እውነቱን ይናገራል፤ ሰውየው ያድራል እንጂ አይኖርም።

የኒውዮርክ አዳራሾች

በኒውዮርክ ከተማ ቤት የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እጅግ የጨመረው በአንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ትልልቆቹ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ታካሚዎቻቸውን እያስወጡ አልጋዎቻቸውን ሲቀንሱ፣ የወጡትን በየሰፈሩ ተቀብሎ ይረዳል የተባለው አገልግሎት በበቂ መጠን አልተቋቋመም። በዚያው ዘመን ደሃ ሠራተኛ፣ ጡረተኛና ብቸኛ ሰው በርካሽ ይከራያቸው የነበሩ የአንድ ክፍል ሆቴሎች እየፈረሱና ወደ ውድ አፓርታማነት እየተለወጡ፣ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ክፍሎች ከከተማዋ ጠፉ። ሕክምናውም ጣሪያውም በአንድ ጊዜ ራቀ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቀድሞ በምግብ ቤት አብሳይነት ይሠራ የነበረው ቤት አልባው ሮበርት ካላሃን በ1979 በቀረበው ክስ ስሙ በመጀመሪያ ተጠቀሰ። በ1981 ከተማዋ ማደሪያ ለጠየቃት ቤት አልባ ወንድ ሁሉ ማደሪያ እንድትሰጥ የሚያስገድድ ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ፤ ይኸው መብት በኋላ ለሴቶችና ለቤተሰቦችም ደረሰ። ካላሃን ግን ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ጎዳና ላይ እንዳለ ሞቶ ነበር።

ከተማዋ ቃሏን ለመጠበቅ የጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ አዳራሾችን ሳይቀር ከፈተች፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ አልጋዎች ተደረደሩ። ብዙ ነፍስ ከብርድ ድኗል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁንና ጫማውን ከራስጌው ሥር ካልደበቀ ሲነቃ የማያገኝ ሰው፣ ሲነጋ ያለችውን ጥቅል ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ማታ ተመልሶ የሚሰለፍ ሰው፣ የተሰጠው ማደሪያ ነው።

ከአዳራሹ ወደ ቤት የሚያደርሰውም መንገድ እንደ መሰላል የተሠራ ነበር። አስቀድሞ መጠጥ ማቆም፤ ቀጥሎ መድኃኒትን በሥርዓት መውሰድ፤ ከዚያ በጋራ መኖሪያ ውስጥ ደንብ አክብሮ ወራት መቆየት፤ ከዚያ «ለቤት የበቃ ነው» የሚል ምስክርነት ማግኘት፤ በመጨረሻ ቤት። ከአንዱ እርከን የወደቀ ከታች ይጀምራል። መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ለበጎ አስበው ነው። ግን አእምሮው የታወከ ሰው በማያውቃቸው መቶ ሰዎች መካከል ተኝቶ እንዴት ይረጋጋል? ብርዱን ለመርሳት የሚጠጣ ሰውስ ከብርዱ ሳይወጣ መጠጡን እንዴት ይተዋል? ብዙዎቹ ከመጀመሪያው እርከን አያልፉም ነበር፤ ያላለፉትም «ቤት የማይሹ» የሚል ስም ተሰጣቸው።

ሳም ሰምቤሪስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። በኒውዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል ሥር፣ ጎዳና ላይ በጠና የታመሙትን እየፈለገ ለሕክምና በሚያቀርብ አገልግሎት ይሠሩ ነበር። ሆስፒታል ያስገቧቸውን ሰዎች ሰንብተው በዚያው ጎዳና ላይ መልሰው ያገኟቸዋል። ይህ ሲደጋገምባቸው ሰዎቹን ራሳቸውን ምን እንደሚፈልጉ ወደ መጠየቅ ዞሩ። መልሱ ቤት የሚል ነበር፤ ያውም የራስ የሆነ፣ በር ያለው ቤት። በ1992 «ፓዝዌይስ ቱ ሃውዚንግ» (ወደ ቤት የሚያደርሱ መንገዶች እንደ ማለት ነው) የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

የድርጅቱ አሠራር መሰላሉን ገለበጠው። ከግል ባለንብረቶች በልዩ ልዩ ሰፈሮች ተራ አፓርታማዎችን እየፈለገ ሰውየውን ከጎዳና በቀጥታ ያስገባዋል። መጠጥ አቁም፣ መድኃኒት ውሰድ የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም። ግዴታዎቹ በመሠረቱ ሁለት ናቸው፤ ከሚያገኘው ገቢ፣ ብዙውን ጊዜ ከመንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማው፣ 30 በመቶውን ለኪራይ መክፈልና የድጋፍ ሰጪው ቡድን አባል በየጊዜው ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲያየው መቀበል። እንደ ማንኛውም ተከራይ የጎረቤትን ሰላም መጠበቅም ይኖርበታል።

ይህን ከተራ የቤት ኪራይ የሚለየው እንግዲህ የቡድኑ ሥራ ነው። በቡድኑ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም፣ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ሥራ በማፈላለግ የሚረዳ ሰው፣ እንዲሁም ራሱ በዚያው መከራ ያለፈ ሰው ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራቸው ከሐኪምነት ይልቅ ልጅዋን ጎጆ እንደምታስወጣ እናት ነው። አንሶላና ድስት ይገዛል፤ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ ይታያል፤ የመብራት ሂሳብ መቼና የት እንደሚከፈል ይነገራል፤ የጠፋ ቁልፍ ይተካል። አልጋ ተዘርግቶለት ሳለ ለብዙ ሌሊት መሬት ላይ የሚተኛ አለ። ጸጥታው ራሱ የሚያስፈራው፣ ቀን ቀን ወደ ቀድሞው ጎዳና የሚመለስም አለ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የእንግዳ ነገር ነው። ለዓመታት አብሮት ካርቶን የተጋራውን ባልንጀራውን በሩ ላይ አቁሞ «አትግባ» ይበለው? ካስገባው ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ሌሎቹ ከመጡ ጎረቤት ይጮኻል፤ ባለንብረቱ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ቡድኑ አብሮት ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ይመክራል። ምክሩ አልሠራ ብሎ ሰውየው ከቤቱ ቢወጣ እንኳ ሌላ ቤት ይፈለግለታል እንጂ አይተውም። ቢታመምና ሆስፒታል ቢገባም ሲወጣ የሚመለስበት በር አለው።

በ2000 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ቤት የገቡት ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ መርምሮ ነበር። 88 በመቶው ቤታቸው ነበሩ። በመሰላሉ መንገድ ካለፉት ግን በቤታቸው የተገኙት 47 በመቶው ብቻ ናቸው። ልብ ይሏል፤ እነዚህ 88ቱ «ለቤት አልበቁም» ከተባሉት መካከል የመጡ ነበሩ።

በዚያው ከተማ በሌላ መልክ የተሠራም አለ። ሮዛን ሃገርቲ በ1990 «ኮመን ግራውንድ» የተባለውን ድርጅት መሥርተው በታይምስ አደባባይ አጠገብ ፈርሶ ሊቀር የተቃረበውን ታይምስ ስኩዌር ሆቴልን አሳደሱ። 652 ክፍሎች ያሉት ይህ ሕንፃ ከጎዳና የመጡ ሰዎችንና ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸውን ሠራተኞች አደባልቆ ያኖራል፤ የድጋፍ ሰጪዎቹ ቢሮም እዚያው ነው። ማደባለቁ በዘዴ የተደረገ ነው፤ ሕንፃው የድኩማን ሰፈር የሚል ስም እንዳይወጣለት።

ስም የተጻፈበት በር

በሄልሲንኪ ክረምት ውጭ ማደር ሞት ነው፤ ይህን የምንለው ለማጋነን አይደለም። በ1967 ቤት የሌላቸው በርካታ ሰዎች በብርድ ሲሞቱ የተቆጡ ዜጎች «የኅዳር ንቅናቄ» የተባለ ማኅበር አቋቁመው ጮኹ። ከተማዋም አንድ አሮጌ መጋዘን ከፍታ ወንዶቹን አስጠጋች። እዚያም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው በማደሪያ ነው።

በ1985 ትልልቆቹ የፊንላንድ ከተሞች፣ ቀይ መስቀል፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ሌሎችም ተባብረው «ዋይ ፋውንዴሽን» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሥራው በተራ ሕንፃዎች ውስጥ ተራ አፓርታማዎችን እየገዛ ቤት ለሌላቸው ብቸኛ ሰዎች ማከራየት ነበር። ለግዢው ይረዳ ከነበረው ገንዘብ ከፊሉ የመጣው ከቁማር ማሽኖች ገቢ ነው፤ በዚያ አገር ሥራው ለአንድ ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ትርፉ ለበጎ አድራጎት እንዲውል ተደንግጎ ነበርና። አንባቢን ቅር ሊለው ይችላል፤ እኛ የሆነውን ከመናገር በቀር አንዳኘውም። ድርጅቱ ዛሬ ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች አሉት፤ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ አከራዮችም አንዱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መጠለያ የሌላቸውን ሰዎች ለማሰብ በሰየመው በ1987 ፊንላንድ ውስጥ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቤት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። በሁለት አሥርተ ዓመታት ቁጥሩ ወደ 8 ሺህ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን የቀሩት ለዓመታት ቤት ያልነበራቸው፣ ሕመምና ሱስ የተደራረበባቸው፣ ከማደሪያ ማደሪያ የሚንከራተቱት ነበሩ። በ2007 መንግሥት አራት ሰዎችን መርጦ መላ እንዲያመጡ ጠየቀ፤ የሄልሲንኪ ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ፣ የከተማዋ ሉተራን ጳጳስ፣ የዋይ ፋውንዴሽን ሥራ አስኪያጅና ሐኪሙ ኢልካ ታይፓሌ ነበሩ። ታይፓሌ ከአርባ ዓመት በፊት የኅዳር ንቅናቄን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። አራቱ ያቀረቡት ሐሳብ «ስም በበር ላይ» የሚል ርእስ ነበረው። ፊንላንድ ውስጥ በአፓርታማ በር ላይ የነዋሪው የቤተሰብ ስም ይጻፋል። በማደሪያ አዳራሽ ግን አልጋው ቁጥር ነው ያለው።

በ2008 የተጀመረው የመንግሥት ዕቅድ ከወትሮው የሚለየው ማደሪያዎቹን በማሻሻል አለመወሰኑ ነው፤ ዘጋቸው፤ ሕንፃዎቹንም ወደ መኖሪያነት ለወጣቸው። በ2008 ሄልሲንኪ ውስጥ 558 የማደሪያ አልጋዎች ነበሩ፤ በ2016 የቀሩት 52 ናቸው። አልፒካቱ በተባለው መንገድ ላይ የሚገኘውና «ሳልቬሽን አርሚ» በተባለው ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደረው ትልቁ ማደሪያ ከ200 በላይ አልጋዎች ነበሩት። ታድሶ በ2012 ሲከፈት 81 አፓርታማዎች ሆነ። ቁጥሩ ማነሱን አይቶ «ይህማ ኪሳራ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በ200ው አልጋ ላይ ሰው ይፈራረቃል እንጂ አይወጣም ነበር፤ በ81ዱ ግን እያንዳንዱ የኪራይ ውል ፈርሟል፤ ኪራዩን፣ ከፊሉን በመንግሥት የኪራይ ድጎማ፣ ይከፍላል፤ ውሉን እስካከበረ ድረስም ማንም አያስወጣውም። ሠራተኞች ቀንም ሌሊትም እዚያው አሉ። በር አንኳኩተው ነው የሚገቡት።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ምናልባት አንድ ነገር ነው፤ ተከራዩ በገዛ ክፍሉ ቢጠጣ አይከለከልም። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል። የፊንላንዶቹ ክርክር ግን ቀጥተኛ ነው። ጎረቤቱ ያለው ባለደመወዝ ማታ ቤቱ ገብቶ ቢጠጣ ቤቱን የሚነጥቀው የለም፤ ታዲያ ከጎዳና የመጣውን የሚነጥቀው ሕግ ከየት መጣ? መጠጡን መተው የሚችለውም መጀመሪያ የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ነው። ለዚህ ጸሐፊ ክርክሩ ሙሉ ለሙሉ ባይዋጥለትም የተገኘውን ውጤት ከማየት አያግደውም።

ጎረቤቶችም ዝም አላሉም። እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራቸው ሊከፈት መሆኑን ሲሰሙ ልጆቻችንስ፣ ንብረታችንስ ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ድርጅቶቹ ሰፈርተኛውን እየጠሩ አወያዩ፤ የስልክ ቁጥር ሰጡ፤ ተከራዮቹ ደግሞ እየወጡ መንገዱንና መናፈሻውን ማጽዳት ያዙ። ቆሻሻ ሲያነሣ ያዩትን ሰው መፍራት ይከብዳል።

በ2011 የረጅም ጊዜ ቤት አልባነትን በግማሽ የመቀነስ ግብ ተይዞ ነበር፤ በተባለው ጊዜ አልተሳካም። ሆኖም ከ2008 እስከ 2015 በ35 በመቶ ቀነሰ። በጠቅላላው ቤት የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በ2023 ወደ 3,429 ወርዶ ነበር። በ2024 ግን ለዓመታት ሲወርድ የቆየው ቁጥር ተመልሶ 3,806 ሆነ። በዚያው ዓመት መንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማን መቀነሱንና በዘርፉ የተሰማሩ ድርጅቶች አስቀድመው ማስጠንቀቃቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ተመጣጣኝ ኪራይና ድጎማ ከሌሉ የቡድኑ ድካም ብቻውን የትም አያደርስም።

ቤት የማይፈታው

በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ቤት የገባ ሁሉ ጤነኛና ሠራተኛ ሆኖ የሚወጣ ያስመስላሉ። እንዲህ አይደለም። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈና 110 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የተመደበለት ጥናት አካሂዳ ነበር። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን ቤትና ድጋፍ ተሰጠ፤ ሌላው በነበረው አገልግሎት ቀጠለ። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ሙሉውን ጊዜ በቤታቸው የኖሩት ከመጀመሪያው ወገን 62 በመቶ፣ ከሁለተኛው 31 በመቶ ነበሩ። በአእምሮ ጤናና በሱስ ረገድ ግን ሁለቱም ወገኖች በተቀራራቢ መጠን ነው የተሻሻሉት። ቤት ሕመምን አይፈውስም፤ ሕመምተኛውን ከጎዳና ያነሣል። ብቸኝነትም አለ። በረንዳ ላይ ቢያንስ ጨዋታ ነበር፤ በአራት ግድግዳ ውስጥ በዓል ሲመጣ የሚያንኳኳ ላይኖር ይችላል።

ቤትን፣ ሕክምናንና ሥራን አንድ ላይ የማዋሉ ሐሳብ ለኦርቶዶክሳዊው አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በቀጶዶቅያ ቂሣርያ ብርቱ ረሃብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉ ባለጸጎችን ገሥጾ የተራበውን መገበ። ከዚያም ከከተማዋ ወጣ ብሎ የድሆችና የመንገደኞች ቤቶች፣ የሐኪሞችና የአስታማሚዎች ማረፊያ፣ የእጅ ሙያ መሥሪያ ያሉበት ሰፈር አቋቋመ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸው ለምጻሞች ሳይቀሩ በዚያ ተቀባይ አገኙ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ባሰማው ንግግር ያንን ሰፈር ከአዲስ ከተማ ጋር አመሳስሎታል።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ስለሚኖሩ ሰዎች የአእምሮ ጤና በፕሮፌሰር አበባው ፍቃዱ የተመራ የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች ቡድን በ2014 ያሳተመው ጥናት አለ። ከተመረመሩት 217 ሰዎች መካከል 41 በመቶው ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ደርሶባቸዋል። 60 በመቶው በአደገኛ ሁኔታ አልኮል ይጠጡ ነበር። ከባዱ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ውስጥ ለሕመማቸው ሕክምና ያገኙት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። በረንዳው ላይ ስናየው «ሥራ የጠላ» የምንለው ሰው ማን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ደግነቱ እጁን ያጠፈ ሕዝብ የለንም። የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በወላጆቻቸው ቤት የጀመሩት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ ሺዎችን ከጎዳና አንሥቶ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያሳክማል። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ማዕከሉ ቤታቸው ነው፤ ቀሪ ዘመናቸውን በክብር ያሳልፉበታል። ጥያቄው የሚነሣው ስለ ሌላው፣ ታክሞ ስለተሻለው የሠላሳ ወይም የአርባ ዓመት ሰው ነው። ከማዕከል ወይም ከአማኑኤል ሆስፒታል ሲወጣ የሚቀበለው ዘመድ ከሌለው የሚሄደው ወዴት ነው? መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ፣ ልብሱን የሚያጥብበት ባልዲ ከሌለው የዳነው ስንት ቀን ይቆይለታል? የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ቀጣሪ ዘንድ ሲሄድ፣ ቤት ሊከራይ ሲል የሚያሳየው የለውም።

የፊንላንድ ድጎማ እዚህ የለም፤ የኪራዩም ነገር እንኳን ለእርሱ ለባለደመወዙም የከበደ ነው። ስለዚህ የእነርሱን ሥራ እንዳለ እንውሰድ ማለት ቀልድ ይሆናል። ከአሠራራቸው የሚወሰደው ግን አከራዩን የሚያሳምኑበት መንገድ ነው። በኒውዮርክ ባለንብረቱ በሩን የከፈተው ከኋላ ሆኖ ኪራዩን የሚያረጋግጥለት፣ ችግር ሲፈጠር ስልክ የሚያነሣለት ድርጅት ስላለ ነው። እኛም አገር አከራይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዋስ። ለአንድ ብቸኛ ሰው ዋስ መሆን ደግሞ ዕድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ ሰበካ ጉባኤ የማይችሉት ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ተራ ገብቶ የሚያስተዛዝን ዕድር ሥራ መከፋፈል ከማንም አይማርም።

አንድ ማኅበር አንድ ሰው ቢይዝ የሚያስፈልገው በጣት የሚቆጠር ነው። በሰርቪስ ቤትነት የሚከራይ አንድ ክፍል፣ ሰውየው ገቢ እስኪያገኝ የሚከፈል ኪራይ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ጀሪካን፣ የሚቆለፍ በር። ከዚያም በየሳምንቱ በቁርጥ ቀን የሚመጡ ሁለት ሰዎች፤ ብቻውን የሄደ ይሰለቻልና ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱ የሕክምና ቀጠሮውን ቀን ይይዛል፤ ሌላው ከአከራዩ ጋር ይነጋገራል። ቡናውን ሰውየው ራሱ ቢያፈላላቸው የተሻለ ነው፤ ቤቱ የእርሱ ነውና። የመጀመሪያው ጉብኝት በገና ሳምንት ቢሆን ለሁሉም ይቀላል፤ ድፎ አለ፣ የሚበላ አለ፣ ወሬም አለ። የቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድሞ ምልክት ሊደረግባቸው የሚገቡት ግን ከጥምቀት በኋላ ያሉት፣ በዓል የሌለባቸው ሳምንታት ናቸው።